የዘመመው ግድግዳ ባለቤት

(በሬዲዮ ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በመስጂዶቻችን ብዙ ጊዜ ሲነገርበት አይሰማም። ስለ ሰላት፣ ስለ ፆም፣ ስለ ዘካ ሲነገር ጆሯችን ይቆማል። ስለ ቤት ኪራይ ሲነሣ ግን «ይህማ የዱንያ ጉዳይ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ነገር ግን አንድ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሌሊቱን ሙሉ አምኖ የሚተኛበት ጣሪያ የእኛ ከሆነ፣ ጉዳዩ የዱንያ ብቻ ሊሆን አይችልም። ነገ በአኺራ ከምንጠየቅባቸው አማናዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አከራይ ነው፤ በተለይም ቤቱን በአንድ ከተማ ትቶ እርሱ በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ስለሚኖር አከራይ።

በኪራይ ውል የተጀመረች ከተማ

ምሳሌዬን የምወስደው ብዙ ዓመት ከኖርኩባት ከጋምቤላ ነው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በባሮ ወንዝ ዳር የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት። ክልሉ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች አገር ነው። ከደጋው የወረድን ነጋዴዎችና ሠራተኞችም እንኖርበታለን። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሙስሊሙ ከክልሉ ሕዝብ 5 በመቶ ገደማ ነበር። ስለዚህ እዚያ ያለ ሙስሊም ቤት ሲያከራይም ሆነ ሲከራይ በአብዛኛው የሚዋዋለው ሙስሊም ካልሆነ ጎረቤቱ ጋር ነው። ኢስላም ምን እንደሚመስል ያ ጎረቤት የሚያየው በእኛ ሥራ ነው።

ይህች ከተማ ራሷ ከኪራይ ውል የተነሣች መሆኗን ስንቶቻችን እናውቃለን? በ1894 ዓ.ም. (እ.አ.አ. በግንቦት 1902) አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ስምምነት፣ በኢታንግ አቅራቢያ በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማሙ። ውሉ ሁሉንም በልክ አስቀምጧል። በወንዙ ዳር ያለው ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሔክታር እንዳይበልጥ፤ ለንግድ እንጂ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል፤ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና ተደረገ። ጣቢያው በመጨረሻ የተተከለው ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት መጥቶ ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም እየመጡ ቡና ይጭኑ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ የውሉ ዘመን አበቃ፤ ቦታውም ተመለሰ።

እንግዲህ መንግሥታት እንኳ ባዶ መሬት ሲከራዩ ምን ያህል፣ ለምን ሥራ፣ እስከ መቼ የሚለውን ጽፈው ነው። እኛ ግን ሰው ከነልጆቹ የሚተኛበትን ቤት «ቁልፉ ይኸውልህ፣ ወር በገባ በአምስት ገንዘቡን ባንክ አስገባ» ብለን በቃል ብቻ እናከራያለን። ግድግዳው ሲዘም ማን ያቃናል? የሽንት ቤቱ ጉድጓድ አፉ ሲናድ ማን ይደፍናል? የመብራት ሽቦው ሲግል ማን ይቀይራል? ይህ በውላችን ውስጥ የለም።

በጋምቤላ የቤት ባለቤቶች ከቤታቸው የሚርቁበት ምክንያት ብዙ ነው። ነግደው ቤት ከሠሩ በኋላ ወደ ጅማ፣ ወደ መቱ፣ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱ አሉ። በሥራ ዝውውር የሄዱ አሉ። ከአገሬው ልጆችም ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራሊያ የተሻገሩ አሉ። ከአባታቸው ቤት ወርሰው አንድም ቀን ገብተው ያላዩትም አይጠፉም። በሌላ በኩል ተከራዩ በዝቷል። በ2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች ወደ ክልሉ ገብተዋል፤ እነርሱን የሚረዱ ድርጅቶችና ሠራተኞቻቸውም በከተማይቱ ቤት ፈልገዋል። ተማሪውም አለ፤ የመንግሥት ሠራተኛውም አለ። ቤት ፈላጊ በበዛበት አገር አከራይ ሳይጠግን ማከራየት ይችላል። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው፤ ማንም የማያስገድደው ሰው አላህን ይፈራል ወይስ አይፈራም?

እኔ ወኪል ሳለሁ የሆነው

አሁን የምነግራችሁን የምነግራችሁ ራሴን ለማወደስ አይደለም፤ እንዲያውም የማፍርበት ታሪክ ነው።

በጋምቤላ ሱቅ ሳለኝ፣ አዲስ አበባ የሚኖሩ አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ቤታቸውን አደራ ሰጡኝ። ከፊት ለፊት አንድ ዋና ቤት፣ ከኋላ በጓሮው አራት የሰርቪስ ክፍሎች ነበሩ። ሁሉም የጭቃ ቤት፣ ክዳናቸው ቆርቆሮ። ሥራዬ በየወሩ ኪራይ ሰብስቦ ባንክ ማስገባት ነበር። ኮሚሽንም አልቀበልም ነበር፤ «ለአላህ ብዬ ነው» እል ነበር።

ከሰርቪሶቹ በአንዱ አንዲት የኑዌር እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖር ነበር። ገበያ ውስጥ ዓሣ ትሸጣለች። ኪራይዋን አንድም ቀን አላሳለፈችም። በሚያዝያ ወር ሱቄ ድረስ መጥታ «ባለሱቅ፣ ግድግዳው ወደ እኛ መጥቷል» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። እውነትም በአልጋው በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ውስጥ ዘሟል። ምርጊቱን በጣቴ ብነካው ተቀረፈ፤ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ምስጥ በልቶ ጨርሶታል። ጋምቤላን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ምስጡ ከመሬት ተነሥቶ እንጨቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል፤ በላዩ የጭቃ ልስን ስላለ ከውጭ ደህና ይመስላል። የጣሪያው ጠርዝ አጭር ሲሆን ደግሞ የዝናቡ ውኃ የግድግዳውን እግር ያርሰዋል። ሁለቱ በአንድ ክረምት ከተገናኙ ያ ግድግዳ አይቆምም።

ለባለቤቱ ደወልኩ። «ሐጂ፣ የኋላው ክፍል ቋሚውን ምስጥ በልቶታል፤ ሦስት ቋሚና የአንድ ቀን አናጢ ቢገባበት ይቃናል» አልኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር» አሉኝ። በሚቀጥለው ወር ሴትዮዋ ዳግም መጣች። ዳግም ደወልኩ። «ዘንድሮ ወጪ በዝቶብኛል፤ ክረምቱ ይለፍና ኢንሻአላህ» አሉ። ሦስተኛ ስትመጣ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ አልደወልኩም። ሐጂን ማሰልቸት ፈራሁ። ለእርሷም «ነግሬያቸዋለሁ» ብዬ መለስኳት። የዚያን ወር ኪራይ ግን በቀኑ ተቀብዬ በቀኑ አስገባሁ። ገንዘቡን ለማድረስ እጄ ፈጣን ነበር፤ ቅሬታውን ለማድረስ አንደበቴ ከበደው።

በሐምሌ አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ከሱብሒ በፊት ግድግዳው ተደርምሶ አልጋው ላይ ወደቀ። አልሐምዱሊላህ ነፍስ አልጠፋም። የትልቋ ልጅ እግር ግን ተሰበረ። ሆስፒታል ስደርስ እናትየው አልጮኸችብኝም፤ አልሰደበችኝምም። «ሦስት ጊዜ ነግሬህ ነበር» ብቻ አለችኝ።

ለሐጂ ስደውል በጣም ደነገጡ። ሲረጋጉ ግን «ልጄ፣ እኔ እዚያ የለሁ፤ ምን ላደርግ እችል ነበር?» አሉ። እኔም በልቤ «ቤቱ የእኔ አይደለም፤ እኔ ምን አገባኝ?» እል ነበር። ተመልከቱ፤ ባለቤቱ «ሩቅ ነኝ» ይላል፤ ቅርብ ያለው «ባለቤት አይደለሁም» ይላል። በሁለታችን መካከል አንዲት ልጅ እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች።

ዓሊሞቻችን ይህን ጥያቄ ቀድመው መልሰውታል

ወደ አንድ ሸይኽ ሄጄ ታሪኩን ነገርኳቸው። ሸይኹ ኪታባቸውን ሳያወጡ «ይህማ የዘመመው ግድግዳ መስአላ ነው» አሉኝ። በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው ለካ!

በሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንት ዘንድ ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ሰው ግድግዳ ቀጥ ብሎ ተሠርቶ ኋላ ቢዘም፣ ባለቤቱም ሳያውቅ ድንገት ቢወድቅ ካሣ አይጠየቅም። ነገር ግን የሚመለከተው ሰው «ግድግዳህ ዘሟልና አፍርሰው ወይም አቃናው» ብሎ ካስጠነቀቀው፣ ለማቃናትም የሚበቃ ጊዜ ካለፈ፣ ከዚያ በኋላ ለሚጠፋው ነገር ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። መጀመሪያውኑ አዝምሞ የሠራው ከሆነ ደግሞ ማስጠንቀቂያም አያስፈልግም። ይህ ድንጋጌ በኦስማኒያ ዘመን እ.አ.አ. ከ1869 እስከ 1876 በተዘጋጀው «መጀለ» በተባለው የሕግ መድብል ውስጥ በአንቀጽ 928 ተቀምጧል።

ልብ በሉ፤ ሚዛኑ ሁለት ነገር ነው፤ ማስጠንቀቂያና ጊዜ። «ባለቤቱ ቅርብ ነበር ወይስ ሩቅ?» የሚል ጥያቄ የለበትም። በእኛ ታሪክ ማስጠንቀቂያው ሦስት ጊዜ ደርሷል፤ ጊዜውም ሦስት ወር ነበር።

በኪራይ ምዕራፍም እንዲሁ፣ ቤቱ ለመኖሪያ እንዲበቃ የሚያስፈልገው ጥገና በአከራዩ ላይ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ አከራዩ ሳይጠግን ቢቀር ተከራዩ ውሉን የማፍረስ ምርጫ አለው። ተከራዩ የገዛው የቤቱን ጥቅም ነውና፣ ጥቅሙ ሲጎድል ክፍያው ብቻ ሙሉ ሊሆን አይችልም። በድሮዎቹ የሙስሊም ከተሞችም ሙሕተሲብ የሚባለው ሹም ገበያውን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው፤ ሊወድቅ የደረሰን ቤት ባለቤቱ እንዲያፈርስ ያዝዝ እንደነበር ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማው ጽፈዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ሙጠፊፊን መጀመሪያ ሲቀበሉ ሞልተው፣ ሲሰጡ አጉድለው የሚሰፍሩትን ያስጠነቅቃል። ስለ ስንዴና ስለ ዘይት ብቻ የወረደ አድርገን አንየው። ኪራዩን ሞልቶ ተቀብሎ ቤቱን አጉድሎ የሚሰጥስ ምን ይባላል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰው ራሱም እንዳይጎዳ ሌላውንም እንዳይጎዳ አዝዘዋል። ሁላችንም እረኞች መሆናችንንና በሥራችን ስላለው እንደምንጠየቅ አስተምረዋል። ስለ ቤት አደጋ እንኳ በግልጽ አስተምረውናል። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በሰዎቹ ላይ ሲቃጠል፣ እሳት ጠላት መሆኑን ነግረው ስትተኙ አጥፉት ብለዋል። መከለያ በሌለው ሰገነት ላይ ከመተኛትም አስጠንቅቀዋል። ለቤት ደኅንነት ይህን ያህል የተጨነቀ ነቢይ ተከታይ ሆነን፣ የተላጠ ሽቦ ያለበትን ክፍል እንዴት እናከራያለን?

የአገሩ ሕግስ ምን ይላል?

አንዳንድ ወገኖች «ይህ የሃይማኖት ምክር ነው፤ በሕግ ማን ይጠይቀኛል?» ይላሉ። ተሳስተዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2077 የሕንጻ ባለቤት ሕንጻው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደንግጓል፤ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ። ባለቤቱ የሠራውን ግንበኛ ወይም ሌላ ጥፋተኛ በኋላ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለተጎዳው ሰው ግን መጀመሪያ መልስ የሚሰጠው እርሱ ነው። በዚሁ ሕግ የኪራይ ክፍልም አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚስማማ ሁኔታ ማስረከብና ዋና ዋና ጥገናዎችን ማድረግ አለበት። የበር፣ የመስኮትና የቧንቧ ጥቃቅን ጥገናዎች ደግሞ በተከራዩ ላይ ናቸው። ርቀትም ጋሻ አይሆንም፤ የተጎዳ ሰው ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ባለ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ጋምቤላ የወደቀ ግድግዳ አዲስ አበባ ያለ ባለቤቱን ጋምቤላ ድረስ ያስጠራዋል ማለት ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም 10,000 እና ከዚያ በላይ ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የሕንጻ ሹም እንዲኖር አድርጎ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጣ። በዚህ አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። አዋጁ በዋናነት የሚያተኩረው በዋጋና በውል ዘመን ላይ ነው። ሆኖም ለእኛ ጉዳይ አንድ ትልቅ በር ይከፍታል። ውል ከተጻፈ የጥገናው ግዴታም ሊጻፍበት ይችላል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላስታውስ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ የከተማ ቤቶች ሲወረሱ ብዙ አከራዮች ቤታቸውን አጡ። ቤቶቹ ግን ከዚያ በኋላ የተሻለ ጠጋኝ አላገኙም። የቀበሌ ቤት ውስጥ ያደግን ሁሉ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ሳፋ አስቀምጠን ያደርንበትን ሌሊት አንረሳም። ባለቤቱ ግለሰብም ይሁን መንግሥት፣ «እኔ ነኝ ተጠያቂው» የሚል ሰው በስሙ ከሌለ ቤት በነዋሪው ላይ ይፈርሳል።

ሩቅ አገርም ያለው ፈተና ይኸው ነው

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር ሮችዴል በምትባል ከተማ ከሱዳን የሄደ አንድ ሙስሊም ቤተሰብ በኪራይ ቤት ይኖር ነበር። አከራዩ ብዙ ቤቶች የሚያስተዳድር ተቋም ነው። አባትየው ቤቱ በእርጥበት ምክንያት ሻጋታ እንደያዘ እ.አ.አ. በ2017 አመለከተ፤ ቀለም ቀባበት ተባለ። ሻጋታው አልጠፋም። አዋብ የተባለው ልጃቸው በዚያ ቤት ውስጥ ተወልዶ፣ በታኅሣሥ 2020 ገና ሁለት ዓመት እንደሞላው ሞተ። የሞቱን ምክንያት የመረመረችው ዳኛ በኅዳር 2022 ልጁን የገደለው ለረጅም ጊዜ የሻጋታ አየር መተንፈሱ መሆኑን አረጋገጠች።

ወላጆቹ ዝም አላሉም። እ.አ.አ. በ2023 በወጣው ሕግ ውስጥ በልጃቸው ስም የሚጠራ ድንጋጌ ገባ። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ማኅበራዊ ቤቶችን የሚያከራዩ ተቋማት ለሕይወት የሚያሰጋ አስቸኳይ ብልሽት ሲነገራቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እርምጃ መውሰድ ግዴታቸው ሆነ። ይህ የዘመመው ግድግዳ ሚዛን አይደለምን? ማስጠንቀቂያና ጊዜ! ሊቃውንቶቻችን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የጻፉትን ሌሎች በሕፃን ሞት ተምረው ሕግ አደረጉት። እኛ ኪታቡ በእጃችን እያለ ለመሥራት ማን እስኪሞት እንጠብቃለን?

የምንደረድራቸው ምክንያቶች

አንደኛው «ሩቅ ነኝ» የሚለው ነው። ወንድሜ፣ ሩቅ ሆነህ ኪራዩ ከደረሰህ ኃላፊነቱም ይደርስሃል። ባንኩ ያገናኘህን ጥቅም መንገዱ ከግዴታው አይለይህም።

ሁለተኛው «ወኪል አለኝ» ነው። መልካም ነው። ነገር ግን ወኪልህ ኪራይ እንዲቀበል እንጂ እንዲጠግን ሥልጣንም ገንዘብም ካልሰጠኸው፣ ወኪል አላቆምክም፤ ገንዘብ ሰብሳቢ ነው ያቆምከው። ለወኪሎችም እላለሁ፤ እኔ ራሴ አንዱ ነበርኩና። በነጻ መሥራታችን ከአማና አያወጣንም። ቅሬታ ሰምቶ ማፈን ክህደት ነው።

ሦስተኛው «ርካሽ ነው፤ አይቶ ወድዶ ነው የገባው» የሚለው ነው። ነውሩን ነግረኸዋልን? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በንግድ ውስጥ ነውር መደበቅ በረካን እንደሚያጠፋ አስተምረዋል። ቢያውቅስ? ችግር ያስገባውን ሰው ወዶ ነው አይባልም። ልጆቹ ደግሞ በምንም ውል ላይ አልፈረሙም። አቅም ከሌለህ ኪራዩን በጥገናው ልክ አቻችለው፤ እርሱም ካልሆነ የሚያሰጋውን ክፍል ቆልፈው እንጂ ሰው አታስተኛበት።

አራተኛው «ቀደር ነው» የሚለው ነው። በቀደር እናምናለን። ነገር ግን ግመሉን ሳያስር ለተወው ሰው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እሰራትና በአላህ ተመካ ብለውታል። የተነገረንን ሳንሠራ ቀርተን ቀደርን ማመካኘት አደብ አይደለም። «ኢንሻአላህ»ንም እንጠንቀቅላት። ይህች ቃል ለመሥራት ቁርጥ ያሰበ ሰው ቃል ናት፤ እኛ ግን ለማሳለፊያ አደረግናት። ሴትዮዋ ሙስሊም አልነበረችም፤ «ኢንሻአላህ» ማለት «አይሆንም» ማለት መስሏት ነበር። እንዲህ እንድትረዳ ያደረግናት እኛ ነን።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ቤት ያከራየህ ወንድሜ፣ ያከራየሽ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚከተለውን አድርጉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ፣ ቤቱን ራሳችሁ ወይም የምታምኑት አናጢ ይየው። በጋምቤላ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚከብድ ጊዜው መጋቢትና ሚያዝያ ነው። የቋሚዎቹ እግር በብረት ይወጋ፤ ምስጥ የበላው ይቀየር። አዲሱ እንጨት ከመተከሉ በፊት እግሩ የተቃጠለ ዘይት ይቀባ። የጣሪያው ጠርዝ ይርዘም፤ ግቢው ውኃ እንዳይቋጥር ቦይ ይውጣለት፤ የተጠራቀመ ውኃ የወባ ትንኝ መፈልፈያ ነውና። መስኮቱ የወንፊት ሽቦ ይኑረው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለል ይፈተሽ፤ ከዝናብ በኋላ የሚናደው እርሱ ነው። በአንድ ቆጣሪ ብዙ ክፍል የሚጠቀም ከሆነ መስመሩን የሚያውቅ ባለሙያ ይየው። ቤታችሁ ባሮ ዳር ከሆነ ደግሞ ሙላቱን አትርሱ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያና በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ውኃው ብዙ ቤተሰብ አፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ቦታ ያለ ቤት ሲከራይ ተከራዩ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛ፣ ከኪራዩ ላይ በየወሩ ለጥገና የሚሆን ድርሻ በወኪላችሁ እጅ ይቀመጥ፤ እስከዚያ ልክ ድረስም ሳይጠይቃችሁ እንዲጠግን ፍቀዱለት። ግድግዳ አዲስ አበባ እስኪደወል አይጠብቅም።

ተከራዮችም ድርሻ አላችሁ። ጉዳቱን ስታዩ ሁለት ምስክር ባለበት ተናገሩ፤ የሚቻል ከሆነም በጽሑፍና በስልክ መልእክት አድርጉት፤ ቀኑን ያዙ። ፊቅሁም ሕጉም ማስጠንቀቂያውን ይፈልጋሉና። ቤቱንም እንደራሳችሁ ጠብቁ። ከግድግዳው ሥር አፈር አትቆፍሩ፤ ሽቦ አትቀጥሉ፤ እሳት ሳታጠፉ አትተኙ። አማናው በሁለታችሁም ትከሻ ላይ ነው።

የመስጂድ ኮሚቴዎችም ራሳችሁን መርምሩ። ብዙ መስጂዶች የወቅፍ ሱቆችና ክፍሎች ያከራያሉ። የአላህ ቤት የምታከራየው ክፍል ከሁሉ ቀድሞ ደኅና ሊሆን ይገባል። በየመስጂዱ አንድ አናጢ፣ አንድ የመብራት ባለሙያና አንድ ሽማግሌ ሆነው ከክረምት በፊት የጀመዓውን ኪራይ ቤቶች ቢዞሩ፣ ብዙ ነፍስ ይተርፋል ኢንሻአላህ። ይህቺን «ኢንሻአላህ» በትክክለኛ ትርጉሟ ነው ያልኳት።

ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ ልንገራችሁ። ሸይኹ ራሳቸው ስልኩን ይዘው መስአላውን ለሐጂ ነገሯቸው። ሐጂ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ሸይኽ፣ እኔ እኮ ስልክ ሲደወል የምሰማው ስለ ወጪ ነበር፤ ስለ ልጅ አልመሰለኝም ነበር» አሉ። የልጅቷን የሕክምና ወጪ ሁሉ ከፈሉ፤ እናትየው ሥራ ፈታ የተቀመጠችበትንም ወራት ቆጥረው ሰጡ። አራቱም ክፍሎች መሠረታቸው በድንጋይ ተሠራ። እኔም ከራሴ ላይ የሚገባኝን ከፈልኩ። ሐጂ በቀጣዩ ዓመት በሕመም ሳሉ ጋምቤላ ድረስ መጥተው ቤቱን በዓይናቸው አዩት፤ እናትየውንም ይቅርታ ጠየቋት። ልጅቷ አሁን ትራመዳለች፤ ትንሽ ታነክሳለች። እርሷን ባየሁ ቁጥር ያቺን ሦስተኛ፣ ያልደወልኳትን ስልክ አስታውሳለሁ።

ውድ አድማጮቼ፣ ምናልባት ዛሬ ማታ ከእናንተ መካከል ያልተደወለ ስልክ ያለበት ሰው ይኖራል። በሌላ ከተማ በስሙ ያለ ቤት፣ በቤቱ ውስጥ የሚተኛ ቤተሰብ፣ የሰማውና ያሳለፈው ቅሬታ ይኖራል። ሳይነጋ ይደውል። ከአላህ ዘንድ የሚጠብቀን ምርመራ ከተማና ወኪል የሚያግደው አይደለም።

አላህ ሆይ! የሰጠኸንን ሪዝቅ ሐላል አድርግልን። በጣሪያችን ሥር ለሚተኙት ሁሉ ሰላም ስጣቸው። አማናን ከሚያጎድሉት አታድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።